ጋሽ ተክሌ የሰሙት ትምህርት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመድኃኒት ማደያው ልጆች ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረስን፣ ከዚያ እንደ ልማዴ ጨዋታ እንዳወራ ተጠየቅሁ። የሚያስቀውን መርጬ አወራሁላቸው። የአረቄ ጠርሙስ ሳያጥብ ይዞ መጥቶ የልጁን ሽሮፕ ሊያስቀዳ የነበረውን ሰውዬ አነሣሁ፤ ከቀበሌ ስብሰባ ለመቅረት በየሳምንቱ ራስ ምታት የሚነሣባትን ጎረቤታችንን አነሣሁ። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመጨረሻ አንዷ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፣ በደርግ ጊዜ ሐኪሞችን ያስተምሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከባድ ጥያቄ የሚመጣው ኬኩ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ ብዬ አለፍኳት። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ነው። እቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ልጅቷ መልስ ይገባታል አልኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሐኪም አላስተማርኩም። ያስተማሩት ዶክተር መርዕድ የሚባሉ ሰው ናቸው። እኔ መድኃኒት የሚታደልበት መስኮት ጋ ነበርኩ።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ በነበረ የግሪክ መድኃኒት ቤት፣ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ነው። ባለቤቱን ሙሴ ያኒ እንላቸው ነበር። ቁጡ ናቸው፣ ግን ሰው አይበድሉም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የእኛን ፊደል የለየሁት ታናሽ ወንድሜ ሲያጠና ከጎኑ ተቀምጬ ነው። የፈረንጁን ደግሞ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቀምኩት፤ ሙሴ ያኒ ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩ ካርቶኑን አያለሁ፣ ይቺ እንዲህ ብትባል ነው፣ ይቺ ደግሞ እንዲያ እያልኩ። አስፕሪን የሚለውን ብቻዬን ያነበብኩ ቀን ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ ያገኘሁትን የሱቅ ስም ሁሉ አነበብኩ፤ ግማሹን ተሳስቼ።

ቀስ እያልኩ ከጠርሙሱ ወደ ሚዛኑ ተጠጋሁ። ዱቄት መመዘን፣ በሙቀጫ ማላም፣ ወረቀቱን አጥፎ ዱቄቱ በማዕዘኑ እንዳይፈስ ጫፉን በጥፍር ጫን ብሎ ማስያዝ፣ ይህን ሁሉ እያየሁ ያዝኩት። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ለጠዋት የምትወጣ ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ መሳል የራሴ ፈጠራ ነው። ለቀትር ግን የሚሆን ሥዕል አጣሁና ፀሐይ አናቱ ላይ የቆመችበት ሰው ሣልኩ። አንዲት ባልቴት ፖስታውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ይሄ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለውኛል።

አብዮቱ ሲመጣ መድኃኒት ቤቱ ተወረሰ። ሙሴ ያኒ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዜ ጥቂት ጨመረ፤ ስብሰባው ብዙ ጨመረ። ፈተና ተፈትኜ የመድኃኒት አዳይነት ወረቀት አገኘሁና ከፒያሳ በእግር ወደሚደረስ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ለሚሠሩበት ሰዎች ይህ ታሪክ ዕዳቸው አይደለም።

ዶክተር መርዕድን ያወቅኋቸው በመስኮቴ በኩል ነው። አንድ ቀን ጋዋናቸውን አውልቀው፣ ከሰልፉ ጅራት ቆመው፣ ተራቸው ሲደርስ ምንም ወረቀት አላቀረቡም። ምን ልስጥዎት ስላቸው ለማየት ነው የመጣሁት አሉኝ። ከኋላቸው የነበረው የሰፈራችን ልጅ፣ "ለማየትማ ሲኒማ ቤት አለ፣ ጋሼ፤ ተራ አይያዙብን" አላቸው። ከት ብለው ሳቁና ወደ ጎን ቆሙ። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት አልሄዱም። ሐኪም የጻፈው ወረቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ከተነሣ በኋላ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልገው ኖሯል።

ያዩት ይህን ነው። ሐኪም አራት አምስት ዓይነት ይጽፋል። ሰውየው ወረቀቱን በመስኮቱ ያስገባል፤ የመሐረቡን ቋጠሮ ይፈታና ያለውን እፊቴ ያስቀምጣል። ከዚያ "ከላይ ጀምረሽ እስኪያልቅ ስጪኝ" ይላል። ምኑ እስኪያልቅ እንደሆነ አይናገርም፤ ገንዘቡ ነው። እላይ ቪታሚን ተጽፎ እንደሆነ ቪታሚን ይዞ ይሄዳል፣ በሽታውን የሚገድለው መድኃኒት እታች ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሰዉ ተሳሳተ አልልም። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ ታዲያ ሐኪም የሚበልጠውን መድኃኒት እታች ያስቀምጠዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሐኪሞቹ ደግሞ እጃቸው እንዳመጣ ነበር የሚጽፉት።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዶክተር መርዕድ ተለማማጅ ሐኪሞቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። እያንዳንዱ ጋዋኑን አውልቆ፣ ራሱ የጻፈውን ወረቀት ከያዘው አስታማሚ ጎን ይሰለፋል። ሰልፈኛው መጀመሪያ አልወደደውም፤ እነሱ እዚህ ከተሰለፉ እዚያ ማን ሊያክመን ነው ይል ነበር። በኋላ ለመዱት። ሰልፉ ሲቃለል ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። እኔን ደግሞ እዚያው ሆኜ በመስኮቱ ያየሁትን እንዳጫውታቸው ለመኑኝ። ለእኔ ይህ ልመና የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

የዶክተር መርዕድ ነገር እንዲህ ነበር። በኪሳቸው አጭር እርሳስ አለች። የተማሪውን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከመጀመሪያው መስመር ሥር ያሰምሩና፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባይገዛ ይህ ሰው ይድናል ወይ ይላሉ። ቀጥለው ከታች ያሉትን አንድ በአንድ እየነኩ፣ "ይሄ ለበሽታው ነው ወይስ ለአንተ ፍርሃት?" ይላሉ። ተማሪው ካቀረቀረ እርሳሷን ያቀብሉታል፤ እሳቸው አይሰርዙም፣ ራሱ ነው የሚሰርዘው። የመጨረሻው ጥያቄ የሚከብደው ነው፤ ይህ ቤተሰብ ይህን ለመግዛት ምን ይተዋል? መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ሁሉ ገንዘብ ብለው ይመልሱ ነበር። እሳቸው ግን "ገንዘብ አትበለኝ። ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር?" ይላሉ። በሬ ነበር። የአንገት መስቀል ነበር። የልጅ ትምህርት ነበር። ይህን ሳያውቅ የሚጽፍ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚወጋ ሐኪም ነው ይሉ ነበር።

እኔም አብሬያቸው ብዙ ተማርኩ። ያ የሚንጠለጠለው ግሉኮስ የመድኃኒት ሁሉ አለቃ ይመስለኝ ነበር። ዶክተር መርዕድ፣ "እትዬ ጥሩ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው እኮ ስኳርና ውኃ ነው፤ ሻይ ቢጠጣ ይሻለዋል" ሲሉኝ ለብዙ ቀን አላመንኳቸውም። ተማሪዎቻቸውን አንተና አንቺ ይላሉ እንጂ ሌላውን ሁሉ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ሆነ ለሥራ አስኪያጁ፣ እርስዎ ነበር የሚሉት። በበሽተኛ ፊት እንግሊዝኛ አያወሩም፣ አያስወሩምም። ስለ ሰውየው ሰውየው በማይሰማው ቋንቋ ማውራት እጓሮ ዞሮ እንደ ማማት ነው ይሉ ነበር። በዚህ የተነሣ ሌሎቹ ሐኪሞች ጥቂት ያሾፉባቸው ነበር። እኔ ግን ያንን ጠባያቸውን ከሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር። ይህን የምጽፈው ኋላ የሆነውን እያወቅሁ ስለሆነ እጄ ይከብደኛል።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ፈጣኑ ሰለሞን ነበር። የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ አፉ እንደ ምላጭ። በሽተኞቹ እሱ ሲገባ ከሕመማቸው በፊት ሳቃቸው ይቀድማቸዋል። ዶክተር መርዕድ ጥያቄውን ሳይጨርሱ እሱ መልሱን ይዟል። የቤተሰቡን ነገር ለማወቅ ማንንም ሳያስጨንቅ፣ ከአስታማሚው ጋር ሲጋራ ተካፍሎ፣ ስለ ሰፈርና ስለ ኳስ አውርቶ፣ ሁሉን ይዞት ይመጣል። ዶክተር መርዕድ እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር።

ትምህርቱ መስኮቱ ጋ አልቆየም። በአንድ የውይይት ክበብ ላይ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ተነሡና፣ ሐኪሞች ከሕዝብ ጋር ለመድኃኒት ሲሰለፉ የሚያይ ሰው መድኃኒት የጠፋ ይመስለዋል፤ ይህ አሉባልታ መንዛት ነው አሉ። መድኃኒት በእርግጥም ጠፍቶ ነበር፣ ግን ያንን ለማለት የተነሣ ሰው የለም። ዶክተር መርዕድ እሺ ጓድ ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ትምህርቱን ወደ ዋርድ፣ ወደ አልጋው ጎን አዛወሩት። የዋርዱን መድኃኒት በትሪ ይዤ የምወጣበትን ቀን ከእሱ ጋር አገጣጠሙልኝ፤ ለካስ ጨዋታዬን ፈልገውታል።

ጋሽ ተክሌ ዋርዱ ውስጥ ከጥጉ አልጋ ነበሩ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው። የፒያሳ ልጅ ሆኖ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እሳቸው ያልሰፉለት ጥቂት ነው፤ ሰለሞንንም ከነወንድሞቹ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲያዩ በዓይናቸው ይለካሉ። የተኙ ዕለት ዶክተር መርዕድን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ የግራ ትከሻዎ ዝቅ ይላል፣ ጋዋኑን የሰፋው ሰው አላየልዎትም አሏቸው።

በሽታቸው ልባቸው ውስጥ ነበር። ዶክተር መርዕድ ለሚስታቸው ለአስካለ ሲያስረዱ እንደሰማሁት፣ ልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፍና የሚመልስ በር አለ፤ በሩ ቆስሏል፣ ቁስሉ እየበላው ነው። መዳኛው ፔኒሲሊን ነው፤ በብዙ መጠን፣ ለብዙ ሳምንት፣ ሳይቋረጥ መወጋት። ፔኒሲሊን ደግሞ ከእኛ መደርደሪያ ካለቀ ቆይቷል። ውጭ፣ ከፒያሳ መድኃኒት ቤቶች ይገኛል፣ ግን የሚገኘው ለከፈለ ነው። ቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ለጋሽ ተክሌ አልሰጠም፤ ባለ መኪና ናቸው፣ ገቢ አላቸው ብሎ። ቢሰጥስ? በነፃ ወረቀት ባዶ መደርደሪያ አይሞላም።

አስካለ አንድ ቀን ወደ መስኮቴ መጣች። ሰልፉን ጠብቃ፣ ፊቷን በመስኮቱ አስጠግታ፣ መኪናውን የሚገዛ ሰው እንዳገኘች በሹክሹክታ ነገረችኝ። ያገኘላት ሰለሞን ነበር። ጋሽ ተክሌ እንዳይሰሙ አደራ አለችኝ። መድኃኒቱ ከመንግሥት መጣ ልትላቸው አስባለች። "ይዳንልኝና ያኔ ይጣላኝ። ዕድሜ ልኩን ቢቆጣኝ አልጠላም" አለች። አራት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ ዳዊት ከአባቱ ሥር ሆኖ ጨርቅ መቁረጥና መጥቀም ጀምሯል። ስታወራኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ኀዘን አልነበረም። የወሰነች ሴት ፊት ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ በነበረው የትምህርት ቀን ጠዋት ትሪዬን ይዤ ዋርዱ ገባሁ። ተማሪዎቹ አልጋውን ከበዋል። ዶክተር መርዕድ እንደ ወትሯቸው መጀመሪያ በሽተኛውን ጠየቁ፤ ልጆቹ በእርስዎ ላይ ይማሩ ወይ አሏቸው። ጋሽ ተክሌ፣ "ይማሩ እንጂ። እኔስ በአባቶቻቸው ሱሪ አይደል የተማርኩት" አሉና ሁሉም ሳቀ።

ዶክተር መርዕድ የሰለሞንን ወረቀት ዘረጉ። ሰለሞን ቪታሚኑን ሳይጠየቅ ሰረዘ። ፔኒሲሊኑንስ ሲሉት እሱ አይነካም አለ፤ ካልወሰዱ አይተርፉም። ከወሰዱስ ሲሉት፣ ሊተርፉ ይችላሉ፣ ግን በሩ ብዙ ተበልቶ ከሆነ መድኃኒቱም ላያድናቸው ይችላል። ዶክተር መርዕድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። መልሱ ልክ ነበር። ጋሽ ተክሌም ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው የሚያዳምጡት እንደ ጎበዝ ተማሪ ነው። ሰው ስለ ራሱ በገዛ ቋንቋው ሲነገር እንዲህ ነው የሚሰማው።

"እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ይህን ለመግዛት ምን ይተዋል?" አሉ ዶክተር መርዕድ።

የአስካለን አደራ እሳቸው አያውቁም። የምናውቀው እኔና ሰለሞን ነን። እኔ ትሪዬን ይዤ እግርጌ ቆሜያለሁ። ሰለሞን ግን ያንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠይቆ፣ ስንት ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ መልሶታል። አፉ ከልቡ ቀደመ።

"የስፌት መኪናውን" አለ።

ገንዘብ አላለም። የተማረውን በትክክል መለሰ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት።

ጋሽ ተክሌ ወደ ሰለሞን ዞሩ። ከዚያ፣ "የማንን መኪና?" አሉ።

ዶክተር መርዕድ ሰለሞንን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ያኔ ነገሩ ገባቸው። ወደ አልጋው ጎን ዞረው ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ በሽተኛ አልጋ ላይ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ተክሌ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቋቸው።

"ዶክተር፣ መኪናዋ ሄዳ እኔ ልቀር እችላለሁ። መኪናዋም ሄዳ እኔም ልሄድ እችላለሁ። እንደዚያ ነው የተባለው?"

"እንደዚያ ነው" አሉ ዶክተር መርዕድ። መዋሸት አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት ምነው ባወቁ። "ካልታከሙ ግን በእርግጥ እናጣዎታለን።"

"ገባኝ" አሉ ጋሽ ተክሌ። ተማሪዎቹንም አንድ በአንድ አመሰገኑ።

በማግስቱ አልጋቸው ባዶ ነበር። በራሴ ፈቃድ ወጣሁ ብለው ፈርመዋል። ብርድ ልብሱን እንደ ተሸጠ ጨርቅ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝተው አጥፈውት ሄደዋል።

ከሥራ ስንወጣ ዶክተር መርዕድ፣ ሰለሞንና እኔ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን። እኔን የወሰዱኝ አስካለ ሌላ ሰው ባታስገባ እኔን ታስገባለች ብለው ነው። የክረምቱ ዝናብ ገና አልወጣም ነበር። ጋሽ ተክሌ በረንዳቸው ላይ በርጩማ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መኪናዋ ላይ ያለው ዳዊት ነው። አባትየው ትንፋሽ እየቆረጣቸው በጣታቸው ያሳዩታል፤ እዚህ ጋ አትሳበው፣ ጨርቁ ራሱ ይሂድልህ ይሉታል። ለመስከረም የታዘዘ ዩኒፎርም ነበር፤ ሰማያዊው ጨርቅ ተከምሯል።

ዶክተር መርዕድ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደሚያዋጡ፣ ከአንድ ወዳጃቸው ጥቂት ፔኒሲሊን እንዳገኙ፣ መኪናው ሳይነካ ዛሬውኑ መጀመር እንደሚቻል ነገሯቸው። ጋሽ ተክሌ የተገኘው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጠየቁ። ዶክተር መርዕድ ጥቂት ቀን አሉ። ከዚያስ ሲሏቸው፣ ከዚያ እንፈልጋለን አሉ። ካልተገኘና መሐል ላይ ቢቋረጥስ ሲሏቸው ዶክተር መርዕድ ዓይናቸውን ወደ ሰማያዊው ጨርቅ መለሱ። የተቋረጠ መድኃኒት ካልተጀመረ እንደማይሻል ዋርዱ ውስጥ ሲያስተምሩ የሰማቸው ሰው ነው የሚጠይቃቸው።

"አይዘኑ፣ ዶክተር" አሉ ጋሽ ተክሌ። "ልጆቹ ቆመው ሲማሩ እኔ ተኝቼ ተማርኩ። እኔ ብሄድ ይሄ ልጅ ሰፊ ነው፣ እናቱንና ታናናሾቹን ያበላል። መኪናዋ ሄዳ እኔ ብተርፍ፣ በእጄ ምን ይዤ ነው የምተርፈው? መኪናዋም እኔም ብንሄድ ደግሞ ሁሉም አለቁ። አስቤዋለሁ። ትምህርቱ ትክክል ነው።"

ዶክተር መርዕድ ለመኑ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሰው ሲለምኑ አላየሁም። ትምህርቱ ለዚህ አይደለም፣ እንዲህ አላልኩም አሉ። ጋሽ ተክሌ ፈገግ ብለው ሰሟቸው፤ የተለካውን ጨርቅ ደግመህ ለካ የሚል ደንበኛ እንደሚሰሙ ሁሉ። ከዚያ ወደ ሰለሞን ዞረው፣ "አልተቀየምኩህም። ቁመትህን እኔ አይደለሁ የለካሁት፤ ውሸት እንደማያምርብህ አውቃለሁ" አሉት። ሰለሞን ምሰሶውን ይዞ ወደ መንገዱ ዞረ። ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደገባ እንጃ።

አስካለ እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልንሄድ ስንነሣ ግን ተናገረች። አልጮኸችም።

"እኔ ላድነው ነበር" አለች ለዶክተር መርዕድ። "እናንተ ሂሳብ አስተማራችሁት።"

ጋሽ ተክሌ መስቀልን አላዩም። ዕድሩ ቀበራቸው። ዩኒፎርሙን ዳዊት ጨርሶ አስረክቦ ነበር። የፒያሳ ልጆች በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት የገቡት እሱ የሰፋውን ለብሰው ነው። ልጁ እጁ ጥሩ ነበር፣ እውነት ለመናገር እንደ አባቱ ሊሆን ይችል ነበር። ደንበኞቹም አልሸሹትም። ለጥቂት ጊዜ እኔም፣ በዚያ በኩል ሳልፍ የመኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ፣ ሰውየው ልክ ነበሩ ማለት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ መጣ። ዳዊትን ከዚያው ከበረንዳው፣ ሥራ ላይ እንዳለ ወሰዱት። አስካለ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረች፣ ያላንኳኳችው በር የለም። ወደ የትኛው ግንባር እንደሄደ እንኳ የነገራት አልነበረም። አልተመለሰም። በመኪናዋ የሚሰፋ ሰው ስለሌለ ሸጠቻት፤ መጀመሪያ ከተባለላት ባነሰ ዋጋ። ትንንሾቹን ይዛ ከሰፈር ወጣች፤ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ለመሰናበት አልመጣችም። በእኛ መስኮት በኩል ማለፍ አልፈለገችም መሰለኝ፤ አልፈርድባትም።

ሰለሞን ልምምዱን ሲጨርስ እንደ ሌሎቹ አዲስ አበባ ልቅር ብሎ አልለመነም። ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመደበ፣ ሄደ። ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። ዶክተር መርዕድ ትምህርቱን ተዉት። ማንም አልከለከላቸውም፤ ጓድ ሥራ አስኪያጁ እንዲያውም ያንን ትምህርት ለሌሎች ሆስፒታሎች በምሳሌነት ላቅርበው ብለው ነበር። ዋርድ ሲዞሩ እንደ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ ትሪዬን አስቀምጬ እወጣ ነበር። በሽተኞቹ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ከአፍ ወደ አፍ ሲያዩ ትቻቸው እወርዳለሁ።

ያቺ በጡረታዬ ዕለት የጠየቀችኝ ልጅ ብትሰማኝ የምነግራት ይህን ነው። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። መስኮቱ ጋ የተማሩት ሐኪሞች ከዚያ በኋላ የጻፉትን ወረቀት አውቀዋለሁ፤ አጭርና ንጹሕ ነበር፣ ስንቱ ቤተሰብ ከከንቱ ወጪ ተርፏል። ግን ፔኒሲሊን በሌለበት አገር ወጪና ጥቅም ማመዛዘንን ያህል ጨካኝ ትምህርት የለም። በሐኪሙ እጅ እርሳስ ናት። በበሽተኛው እጅ ስትገባ መሰረዝ የሚጀምረው ከራሱ ነው። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ አይቼዋለሁ፤ መድኃኒቱም እስካሁን አልታየኝም። ጡረታ ስወጣ ብዙ መደርደሪያ ሞልቶ ነው የተውኩት፣ ሰዉ ግን አሁንም መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚተወውን ሲያስብ ዓይኑን አውቀዋለሁ።

ዶክተር መርዕድ ሆስፒታሉን የለቀቁ ሰሞን ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። እንደ ሰው ተሰልፈው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ መስኮቴ ፊት ቆሙ። ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ትከሻቸው ሁለቱም ዝቅ ብሏል። የአስካለን ነገር፣ የዳዊትንም ነገር ሰምተዋል። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ እኔም ጠየቅኋቸው። ከዚያ ክርናቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ "እትዬ ጥሩ፣ ጋሽ ተክሌ ልክ ነበሩ?" አሉኝ።

ነበሩ እንዳልል ልጃቸው ዳዊት የለም። አልነበሩም እንዳልል ደግሞ ይህ ቃል እኚህን ሰው ሊገድላቸው ነው፤ እኔም ቢሆን ልክ አልነበሩም ለማለት የሚያስችል ነገር የለኝም።

"እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር" አልኳቸው።

"እኔም አላውቅም" አሉ። "ስጠይቅ የኖርኩት የማላውቀውን ነው።"

ሌላም ሊሉኝ ነበር መሰለኝ። ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች ሴት ወረቀቷን በእጇ ይዛ፣ ሽማግሌ ሰው ስለሆኑ ደፍራ ተራዬ ነው ሳትል ቆማለች። ዘወር ብለው አዩዋት፤ ይቅርታ ጠየቋት፤ ከመስኮቱም ገለል አሉላት። ወረቀቷን ተቀብዬ ቀና ስል በሰልፉ ጎን እየተራመዱ፣ እያንዳንዱን ሰው እያለፉ ወደ በሩ ሲሄዱ አየኋቸው።

ሴትየዋ የመሐረቧን ቋጠሮ እየፈታች ነበር።